ሕገ መንግሥቱ የማያውቃቸው ሹማምንት፦ የፓርቲ መሪነት በአሜሪካ ምክር ቤት፣ ከ1890 እስከ 1964

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ከቀረበው በድምፅ ተቀድቶ የተጻፈ)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ እንግዳ ሥልጣን ነው። እንግዳ ያልሁት ታላቅ ሆኖ ሳለ በሕግ መጽሐፍ ስሙ ስለማይገኝ ነው። በ1787 የተረቀቀውን የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ብታነቡ ስለ ፖለቲካ ፓርቲ አንዲት መስመር አታገኙም። የአብላጫው መሪ፣ የአናሳው መሪ፣ የፓርቲ ተጠሪ የሚባሉ ሹማምንትም የሉበትም። የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤውን እንደሚመርጥ፣ የሕግ መወሰኛውን ምክር ቤት ማለትም ሴኔቱን ምክትል ፕሬዚዳንቱ በሰብሳቢነት እንደሚመራ በአጭሩ ተጽፏል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ለአባላቱ ደንብና ልማድ የተተወ ነው። ሆኖም በዚያች አገር አንድ ረቂቅ ሕግ ይኖር ወይም ይሞት ዘንድ የወሰኑት ብዙ ጊዜ እነዚሁ ሕገ መንግሥቱ የማያውቃቸው ሰዎች ናቸው።

ዘመናቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ፤ ወደ አገራችን ጉዳይ ስመጣ ብቻ ዓ.ም. እላለሁ።

የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። የምክር ቤት መሪ ሲበረታ ሁላችንም አምባገነንነትን እንፈራለን፤ ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም። ነገር ግን መሪው ሲዳከም ሥልጣኑ አይተንም። ወደ ሌላ እጅ ይዛወራል፤ ያም እጅ ብዙ ጊዜ ማንም ሊጠይቀው የማይችል እጅ ነው። ይህን የማሳየው ጥቁር አሜሪካውያን የመምረጥ መብታቸውን ይዘው በምክር ቤቱ በር ላይ የቆሙበትን የ74 ዓመት ዘመን በመከተል ነው። የጉባኤ ሥነ ሥርዓት ደረቅ ነገር የሚመስለው በሥርዓቱ ምክንያት በር የተዘጋበትን ሰው እስካላየን ድረስ ነውና።

ከታሪኩ በፊት ስለ ቃላት ጥቂት ልበል። በእኛ ቋንቋ የምክር ቤቱን ሰብሳቢ «አፈ ጉባኤ» እንለዋለን፤ የጉባኤው አፍ ማለት ነው። ቃሉ ከጥንቱ «አፈ ንጉሥ» ጋር ዘመድ ነው፤ አፈ ንጉሡ በንጉሡ ስም የሚፈርድ ሹም ነበር። እንግሊዞችም ለዚሁ ሹም «ተናጋሪ» የሚል ስም የሰጡት በቀድሞ ዘመን የተወካዮቹን ቃል ለንጉሡ የሚያደርስ እሱ ስለ ነበረ ነው። በአሜሪካ ግን አፈ ጉባኤው ከዚህ የተለየ ጠባይ ያዘ፤ ወንበሩ ላይ ሆኖ ጉባኤውን ይመራል፣ ከወንበሩ ሲወርድ ደግሞ የአሸናፊው ፓርቲ አለቃ ነው። እንግዲህ አፉ የማን ነው? የጉባኤው ወይስ ጉባኤውን በቁጥር ያሸነፈው ፓርቲ?

ሁለተኛው ቃል «ዊፕ» ነው። በመሪው ሥር ሆኖ የፓርቲውን አባላት ለድምፅ የሚሰበስበው ሰው በእንግሊዝኛ የሚጠራበት ስም የመጣው ከአደን ሜዳ ነው፤ ከመንጋው የሚያፈነግጡትን ውሾች በአለንጋ ከሚመልሰው ሰው። እኛ በምክር ቤታችን ለተመሳሳዩ ኃላፊ የሰጠነው ስም ግን «የመንግሥት ተጠሪ» የሚል ነው። ተጠሪ ሲጠሩት አቤት የሚል፣ ሲጠይቁት መልስ የሚሰጥ ነው። በእኔ አስተያየት ስሙን ያወጣው ሰው ማንም ይሁን ማን፣ ከእንግሊዞቹ የተሻለ አስቧል፤ ስሙ በሥራ መፈጸሙ ሌላ ጉዳይ ሆኖ።

የምክር ቤት መሪ ጦር የለውም፤ ግምጃ ቤትም የለውም። ሀብቱ ሰዓት ነው። የትኛው ረቂቅ ዛሬ ይቅረብ፣ የትኛው ለከርሞ ይደር፣ ማን አስቀድሞ ይናገር፣ ክርክሩ መቼ ይዘጋ የሚሉትን ጥያቄዎች የሚመልስ ሰው ስለ ረቂቁ ይዘት አንድም ቃል ሳይናገር ዕጣውን ሊወስን ይችላል። በቀድሞው የቤተ መንግሥት ግብር አጋፋሪው ወጡን አይሠራም፣ ጠጁን አይጥልም፤ ማን መቼ እንደሚገባና የት እንደሚቀመጥ ግን የሚያውቀው እሱ ነው። የአጋፋሪን ሥልጣን ለመረዳት በሩ ላይ ቆሞ መጠበቅ ይበቃል።

በዲሴምበር 1889 የአሜሪካ 51ኛው ኮንግረስ ሲከፈት በተወካዮች ምክር ቤት ሪፐብሊካኖች የነበራቸው ብልጫ እጅግ ጠባብ ነበር። አፈ ጉባኤ አድርገው የመረጡት የሜይን ግዛት ተወካይ የሆነውን ቶማስ ብራኬት ሪድን ነው። ሪድ ቁመተ ረጅም፣ አካለ ግዙፍ፣ ከሁሉ በላይ ምላሱ የሚፈራ ሰው ነበር። ምክር ቤቱ በዚያ ዘመን ራሱን ያሰረበት አንድ ልማድ ነበረው። ሕገ መንግሥቱ ሥራ ለመሥራት ከአባላቱ ከግማሽ በላይ መገኘት አለባቸው ይላል። የመገኘት ምልክቱ ግን በልማድ ስም ሲጠራ ድምፅ መስጠት ብቻ ነበር። ስለዚህ አናሳው ወገን በወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ፣ ጋዜጣውን እያነበበ፣ ስሙ ሲጠራ ዝም ይላል፤ ከአብላጫው ወገን ጥቂት ሰዎች ታመው ወይም ቀርተው እንደ ሆነ ምልዓተ ጉባኤው አልተሟላም ይባልና ሥራው ይቆማል። አዳራሹ በሰው ተሞልቶ ሳለ በመዝገብ ባዶ ነበር።

በጃንዋሪ 1890 መጨረሻ የዌስት ቨርጂኒያ ግዛት የአንድ ወንበር የምርጫ ክርክር ለውሳኔ ቀረበ። ዴሞክራቶቹ እንደ ልማዳቸው ዝም አሉ። ሪድ ግን በዚያን ቀን በዓይኑ ያያቸውን ዝምተኞች በየስማቸው እየጠራ፣ ተገኝተዋል ብሎ ይጽፋቸው ዘንድ ጸሐፊውን አዘዘ። አዳራሹ ታመሰ። የኬንታኪው ተወካይ ማክሪሪ ተነሥቶ፣ አፈ ጉባኤው እኔን እንደ ተገኘሁ አድርጎ የመቁጠር መብት የለውም ሲል ተቃወመ። ሪድ የመለሰለት፣ እኔ የተናገርሁት የኬንታኪው ክቡር ተወካይ እዚህ መኖራቸውን ብቻ ነው፤ ክቡርነታቸው ይህን ይክዳሉን? የሚል ነበር። ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም፤ የለሁም ብሎ የሚጮህ ሰው መኖሩን በገዛ ድምፁ ያስመሰክራልና። ጠቡ ለቀናት ቀጠለ። ከመቆጠር ለማምለጥ ወደ በሩ የሮጡ ነበሩ፤ ሪድ በሮቹን ባዘጋ ጊዜም አንድ የቴክሳስ ተወካይ በሩን በእርግጫ ከፍቶ ወጥቷል።

በፌብሩዋሪ 14 ቀን አዲሱ ደንብ ጸደቀ። የተገኘ ሁሉ ይቆጠራል፤ ሥራ ለማዘግየት ብቻ የሚቀርብ የውሳኔ ሐሳብ ተቀባይነት አያገኝም። በ1892 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህ አቆጣጠር ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ብሎ ፈረደ። ተቃዋሚዎቹ ሪድን «ዛር» ይሉት ጀመር። በእኛ ጆሮ ሌላ ነገር እንዳይመስል፣ የሩሲያውን ንጉሠ ነገሥት ማለታቸው ነው።

የዴሞክራቶቹን ክርክር እንደ ተራ ሻጥር አልቆጥረውም። ዝምታ የአናሳው የመጨረሻ ጋሻ ነው፣ እሱን ከነጠቃችሁን ምን ይቀረናል ማለታቸው ነበርና የሚናቅ ክርክር አይደለም። የሆነው ሆኖ ቀጣዩን ምርጫ አሸንፈው ምክር ቤቱን ሲይዙ የሪድን ደንብ ሻሩት። ሪድም የአናሳው መሪ ሆኖ ወረደ፤ ወርዶም የገዛ መድኃኒታቸውን አቀመሳቸው። ወገኖቹን ዝም አስባለና የዴሞክራቶቹን ምክር ቤት ሥራ አስፈታው። በ1894 ዴሞክራቶቹ ራሳቸው የተገኘ ሁሉ ይቆጠር የሚለውን መርሕ መልሰው ለማጽደቅ ተገደዱ። በመሪነት ጥበብ ታሪክ ከዚህ የጠራ ድል እምብዛም አላውቅም።

ነገር ግን ሪድ ይህን ሁሉ የሠራው ለምን ነበር? ለደንብ ፍቅር ብቻ አይደለም። በ1870 የጸደቀው 15ኛው ማሻሻያ፣ ዜጎች በዘራቸውና በቀለማቸው ምክንያት ድምፅ እንዳይነፈጉ ደንግጎ ነበር። በደቡብ ግዛቶች ግን ጥቁሮች በግድያ፣ በዛቻና ድምፅ በመስረቅ ከምርጫ ይባረሩ ነበር። የማሳቹሴትሱ ሄንሪ ካቦት ሎጅ ያቀረበው የፌዴራል ምርጫ ረቂቅ ሕግ፣ መራጮች ሲያመለክቱ በፌዴራል ፍርድ ቤት የሚሾሙ ታዛቢዎች የኮንግረስን ምርጫ እንዲቆጣጠሩ የሚያደርግ ነበር። በእርግጥ ጥቁሮቹ የሪፐብሊካን መራጮች ስለ ነበሩ ጽድቅና ጥቅም በአንድ በቅሎ ተቀምጠው ነበር። ረቂቁ በጁላይ 2 ቀን 1890 በ155 ድምፅ በ149 ተቃውሞ በተወካዮች ምክር ቤት አለፈ። ያለ ሪድ ደንብ በእንዲህ ያለ ጠባብ ብልጫ ያልፍ ነበር ብዬ አላምንም።

ከዚያ ወደ ሴኔቱ ሄደ፤ እዚያም ሞተ። ሴኔቱ በዚያ ዘመን ክርክርን የሚዘጋበት ደንብ አልነበረውም፤ ሰዓቱን በእጁ የያዘ የታወቀ የፓርቲ መሪም አልነበረውም። የደቡብ ሴናተሮች ተናገሩ፤ ደግሞም ተናገሩ። የምዕራብ ግዛቶች ሪፐብሊካኖች ደግሞ ከጥቁሮች ድምፅ ይልቅ የብር ገንዘብ ጉዳይ ስላስጨነቃቸው ከተቃዋሚዎቹ ጋር ወገኑ። በጃንዋሪ 1891 ረቂቁ በ35 ድምፅ በ34 ተቃውሞ ለሌላ ጉዳይ ቦታውን እንዲለቅ ተደረገ። በአንድ ድምፅ! ልብ በሉ፤ ሴኔቱ ረቂቁን አልጣለውም። ይልቁንስ ሌላ ሥራ እንቅደም አለ። ሞት በሥነ ሥርዓት ሲመጣ እንዲህ ነው፤ ገዳይ የለውም።

የዘገየው ጉዳይ ግን ቆሞ አልጠበቀም። ረቂቁ በሴኔት በር ላይ ሳለ፣ በኖቬምበር 1890 ሚሲሲፒ አዲስ የግዛት ሕገ መንግሥት አጸደቀች፤ በምርጫ ግብርና በማንበብ ፈተና ጥቁሮችን ከመዝገብ አወጣች። ሌሎቹ የደቡብ ግዛቶች በየተራ ተከተሏት። በ1901 የሰሜን ካሮላይናው ጆርጅ ሄንሪ ኋይት የሥራ ዘመናቸውን ፈጽመው ሲወጡ በኮንግረሱ አንድም ጥቁር አልቀረም። ቀጣዩ ጥቁር ተወካይ፣ የቺካጎው ኦስካር ደ ፕሪስት፣ ወንበሩን የያዙት በ1929 ነው፤ ከደቡብ ሳይሆን ከሰሜን።

አሁን ወደ ሁለተኛው ሰው እናልፋለን። ሪድ የስፔንን ጦርነት ተከትሎ በመጣው የቅኝ ግዛት መስፋፋት ባለመስማማቱ በ1899 ምክር ቤቱን ለቀቀ፤ የሠራው ወንበር ግን ቀረ። ከ1903 ጀምሮ የተቀመጠበት የኢሊኖዩ ጆሴፍ ካነን ነው። ካነን የሪድ ዕውቀት አልነበረውም፤ የሪድ ሥልጣን ግን ነበረው። የኮሚቴ አባላትን የሚሾመው እሱ፣ የትኛው ረቂቅ መቼ እንደሚቀርብ የሚወስነው የደንብ ኮሚቴ ሰብሳቢ እሱ፣ በአዳራሹ የመናገር ዕድል የሚሰጠው እሱ። ያልወደደው ረቂቅ በር ላይ ይቀራል። ያልታዘዘ አባል ከኮሚቴው ይነሣል። ለውጥ ፈላጊዎቹ ሪፐብሊካኖች ከገዛ ፓርቲያቸው መሪ ጋር የተጣሉት በዚህ ነው።

የነብራስካው ጆርጅ ኖሪስ የውሳኔ ሐሳቡን በወረቀት ጽፎ በኪሱ ይዞ ይዞር ነበር። በማርች 17 ቀን 1910 ዕድሉ መጣ። ካነን ስለ ሕዝብ ቆጠራ የቀረበን ጉዳይ፣ በሕገ መንግሥቱ የተጠቀሰ ስለ ሆነ ከሌሎች ይቀድማል ብሎ ነበር። ኖሪስ ተነሣና፣ እንግዲያውስ ምክር ቤቱ ደንቡን ያወጣ ዘንድ ሕገ መንግሥቱ ስለ ደነገገ የእኔም ሐሳብ ይቀድማል አለ። ካነን በገዛ ገመዱ ታሰረ። ደጋፊዎቹ ለቅዱስ ፓትሪክ በዓል ወጥተው ስለ ነበር ክርክሩን ሌሊቱን ሙሉ ጎተተው፤ አልሆነም። በማርች 19 በ191 ድምፅ በ156 ተቃውሞ አፈ ጉባኤው ከደንብ ኮሚቴው ተወገደ፤ ኮሚቴውም ከአምስት ወደ አሥር አባላት ሰፋ።

ካነን ያን ጊዜ ያደረገውን ወዳጆቹም ጠላቶቹም ያደንቁለታል። አብላጫው ከእኔ ጋር ካልሆነ አፈ ጉባኤነቴን ይውሰድ ብሎ ወንበሩን ራሱ ለድምፅ አቀረበ። ካመፁበት ሪፐብሊካኖች የሚበዙት ግን ሰውየውን አላወረዱትም፤ ሊነጥቁት የፈለጉት ሥልጣኑን እንጂ ወንበሩን አልነበረምና።

የታሪክ መጻሕፍት ይህን የማርች 1910 ዓመፅ የዴሞክራሲ ድል አድርገው ያቀርቡታል፤ ከፊሉ እውነት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ከካነን እጅ የወጣው ሥልጣን ለተራው አባል አልደረሰም። ለጥቂት ዓመታት በዴሞክራቶቹ የፓርቲ ጉባኤ እጅ ቆየ፤ ቀስ በቀስ ወደ ኮሚቴ ሰብሳቢዎች ሄደ። ሰብሳቢነት ደግሞ የሚገኘው በዕድሜ ቅድምያ ሆነ፤ በኮሚቴው ረጅም ጊዜ የተቀመጠ ሰብሳቢ ይሆናል፣ እስኪሞት ወይም እስኪሸነፍ የሚያነሣው የለም። ረጅም ጊዜ የሚቀመጠው ማን ነው? ምርጫው ያለ ተቀናቃኝ የሚያልፍለት። ምርጫ ያለ ተቀናቃኝ የሚያልፈው የት ነው? ጥቁሮች ከመዝገብ በወጡበት፣ አንድ ፓርቲ ብቻ በቀረበት በደቡብ። ስለዚህ በ1890 ድምፁን የተነፈገው ሕዝብ ዝምታ ለነፋጊዎቹ የዕድሜ ልክ ወንበር ሆነላቸው፤ ወንበሩም ዝምታው እንዳይሰበር ይጠብቅ ጀመር።

ካነንን የሚሽር ሥርዓት ነበረ። ሦስት ቀን ፈጀ እንጂ ተሻረ። ከ1955 እስከ 1967 የደንብ ኮሚቴውን የመራው የቨርጂኒያው ሃዋርድ ስሚዝ ግን ማንን ይፈራል? አፈ ጉባኤው አልሾመውም፤ የፓርቲው ጉባኤም ለይስሙላ ካልሆነ አልመረጠውም። ኮሚቴው የሚሰበሰበው እሱ ሲጠራ ነው። በ1950ዎቹ የዜጎች መብት ረቂቅ ሕግ በመጣበት ጊዜ፣ ጎተራዬ ተቃጠለ ብሎ ወደ እርሻው መሄዱና ኮሚቴው ሰብሳቢ አጥቶ መክረሙ እስከ ዛሬ በዋሽንግተን የሚወራ ታሪክ ነው። አንድ ሰው እርሻውን ሊጎበኝ በመሄዱ የሚሊዮኖች መብት ይዘገያል፤ ማንም ግን አምባገነን አላለውም። ዛር የተባለው በአደባባይ ቆሞ የቆጠረው ሰውዬ ነበር።

እዚህ ላይ ራሴን ልገድብ። ካነን በወንበሩ ቢቆይ ኖሮ የጥቁሮችን መብት ያስከብር ነበር አላልሁም፤ እንዲህ ያለ ሐሳብ እንዳልነበረው ሥራው ይመሰክራል። ጠንካራ መሪ ፍትሐዊ መሪ ማለት አይደለም። የምለው፣ ኃላፊነቱ በአንድ የታወቀ ሰው ላይ ሲያርፍ የሚከሰስ ሰው አለ፤ በጓዳ ሲበተን ግን ከሳሽ እንጂ ተከሳሽ አይገኝም።

ለመሆኑ እኛስ? ንጽጽሩ በልክ መሆን አለበት፤ በ1923 ዓ.ም. እና በ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታት ዘመን የነበሩት የአገራችን ምክር ቤቶች ፓርቲ የሌለባቸው ነበሩ። በ1948ቱ የሕግ መምሪያው እንደራሴዎች በሕዝብ እንዲመረጡ ቢደረግም እያንዳንዱ እንደራሴ ብቻውን ገብቶ ብቻውን ይቀመጥ ነበር፤ የሚያስተባብረው መሪ አልነበረም። ይህ ከፓርቲ አለንጋ ነፃ ያወጣው ይመስላል፤ እውነቱ ግን ያልተባበረ እንደራሴ በቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ምን ያህል ብቸኛ እንደ ነበረ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በበኩሉ ሁለት ነገር በአንድነት አስቀምጧል። በአንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ተገዢ ነው ይላል። በአንቀጽ 56 ደግሞ አብላጫ መቀመጫ ያገኘው ፓርቲ ወይም ጣምራ ፓርቲዎች የመንግሥትን አስፈጻሚ አካል ያደራጃሉ፣ ይመራሉ ይላል። ኅሊናና የፓርቲ ዲሲፕሊን ጎረቤት ሆነው ተጽፈዋል፤ በመካከላቸው የሚቆመው ሰው የመንግሥት ተጠሪው ነው። በ2007 ዓ.ም. ምርጫ እንደ ሆነው ገዢው ግንባርና አጋሮቹ 547ቱንም መቀመጫ ሲይዙ ደግሞ የአናሳው መሪ የሚባል ሰው ከነጭራሹ አይኖርም። ያ ሰው ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የሴኔቱ ታሪክ ያሳየናልና ወደዚያው ልመለስ።

ሴኔቱ መሪ ያወጣው ዘግይቶ ነው። በ1917 ክርክርን በሁለት ሦስተኛ ድምፅ የሚዘጋበት ደንብ አገኘ። በ1937 ምክትል ፕሬዚዳንቱ ጋርነር፣ ብዙዎች በአንድ ጊዜ የመናገር ዕድል ሲጠይቁ ቅድሚያ ለአብላጫው መሪ፣ ቀጥሎም ለአናሳው መሪ ይሰጥ አለ። በሕግ ያልተጻፈች ይህች ልማድ ናት የአብላጫውን መሪ የሰዓቱ ባለቤት ያደረገችው።

ከእሷ ሁሉን የጨመቀው የቴክሳሱ ሊንደን ጆንሰን ነው፤ ከ1955 እስከ 1961 የአብላጫው መሪ። እያንዳንዱ ሴናተር የሚፈልገውን፣ የሚፈራውን፣ የሚያፍርበትን ያውቅ ነበር። በ1957፣ ከ1875 ወዲህ የመጀመሪያውን የዜጎች መብት ሕግ አሳለፈ። የምዕራብ ሴናተሮችን በግድብ ጉዳይ ከደቡቦቹ ጋር አስማማ፤ ደቡቦቹ ክርክሩን እንዳይጎትቱ ደግሞ ከሕጉ ጥርሱን ነቀለላቸው። ምርጫ በመከልከል የተከሰሰ ባለሥልጣን በዳኞች ሸንጎ ይዳኝ የሚለው ማሻሻያ ገባ፤ በደቡብ ያ ሸንጎ ነጮች ብቻ የሚቀመጡበት ስለ ነበር ፍርዱ አስቀድሞ የታወቀ ነው። የደቡብ ካሮላይናው ስትሮም ተርመንድ ብቻውን ከ24 ሰዓት በላይ ተናገረ፤ ሌሎቹ ግን በመሪው ውል ጸንተው ዝም አሉ። የጆንሰን አድናቂዎች በር ተከፈተ ይላሉ። እኔ በሩ የተከፈተው ለመሪው ዝና እንጂ ለመራጩ አልነበረም ለማለት እደፍራለሁ፤ የተመዘገቡት ጥቁሮች ቁጥር ከዚያ በኋላ ብዙም አልተንቀሳቀሰም።

ጆንሰንን የተካው የሞንታናው ማይክ ማንስፊልድ ተቃራኒው ነበር። ቁጥብ፣ ለጥያቄ ሁሉ በአንድ ቃል የሚመልስ፣ ማንንም የማያስፈራራ፣ የቀድሞ የታሪክ መምህር። እንዲህ ያለ መሪ ሴኔቱን ይገዛዋል ብሎ የገመተ ጥቂት ነው። በፌብሩዋሪ 1964 የዜጎች መብት ረቂቅ ሕግ ከተወካዮች ምክር ቤት በ290 ድምፅ በ130 ተቃውሞ አልፎ መጣ። እንደ ልማዱ ቢሆን የሚመራው ወደ ፍትሕ ኮሚቴ ነበር፤ ሰብሳቢው የሚሲሲፒው ጄምስ ኢስትላንድ ነው፤ ኮሚቴውም የእንዲህ ያሉ ረቂቆች መቃብር ነበር። ማንስፊልድ የመሪነቱን መብት ተጠቅሞ ረቂቁን ኮሚቴውን ሳያይ በቀጥታ ወደ አዳራሹ አስገባው። ድምፁን ከፍ ሳያደርግ የዕድሜ ቅድምያን ምሽግ ዘለለ።

የቀረው ክርክሩን መዝጋት ነው፤ 67 ድምፅ ያስፈልጋል፣ የደቡብ ዴሞክራቶች ከገዛ ፓርቲው ናቸው። እንግዲህ ቁልፉ በአናሳው መሪ፣ በኢሊኖዩ ኤቨረት ዲርክሰን እጅ ነበር። ማንስፊልድ ዲርክሰንን ወደ ራሱ ቢሮ አላስጠራውም፤ ድርድሩ በዲርክሰን ቢሮ እንዲሆን፣ ጋዜጠኞችም ዲርክሰንን እንዲከቡ፣ ክብሩም የእሱ እንዲሆን ተወ። ዲርክሰን ማሻሻያዎቹን አስገባ፤ ከዚያ ከወገኖቹ ጋር አንድ በአንድ ተነጋገረ። አናሳ የሆነ መሪ ሕግ ማውጣት አይችልም፤ ነገር ግን ሕጉ የአንድ ወገን ብቻ እንዳይሆን ማድረግ ይችላል፤ ለዚህም ነው እሱ የሌለበት ምክር ቤት አንድ እጁ የተቆረጠ ሰው የሚመስለኝ።

ወደ 60 የሚጠጉ የሥራ ቀናት ካለፉ በኋላ በጁን 10 ቀን 1964 ድምፅ ተሰጠ። የካሊፎርኒያው ክሌር ኤንግል በአንጎል ዕጢ ታመው መናገር ተስኗቸው ነበር፤ በተሽከርካሪ ወንበር ገብተው ስማቸው ሲጠራ እጃቸውን ወደ ዓይናቸው አነሡ፤ በእንግሊዝኛ «ዓይን»ና «አዎን» በድምፅ አንድ ናቸውና ተቆጠረላቸው። ውጤቱ 71 ለ29 ሆነ፤ ከ71ዱ 44ቱ ዴሞክራቶች፣ 27ቱ ሪፐብሊካኖች። በዜጎች መብት ጉዳይ ክርክር በድምፅ ሲዘጋ ያ የመጀመሪያው ነበር። ጆንሰን፣ አሁን ፕሬዚዳንት ሆኖ፣ ሕጉን የፈረመው በጁላይ 2 ቀን ነው። የሎጅ ረቂቅ በሪድ ምክር ቤት ያለፈበት ቀን ልክ 74 ዓመት ሞላው። አጋጣሚ ነው፤ ታሪክ ጸሐፊ ከአጋጣሚ ትርጉም ማውጣት የለበትም፤ መቁጠር ግን አልተከለከለም። የምርጫውን ጉዳይ የያዘው ሕግ በዓመቱ፣ በኦገስት 1965 ተፈረመ፤ በሴኔቱ አቅራቢዎቹም ማንስፊልድና ዲርክሰን ነበሩ።

ማንስፊልድ ከዚህ በፊት በነበረው ዓመት፣ መሪነቱ ልፍስፍስ ነው የሚሉ ሴናተሮች ተነሥተውበት ነበር። መልስ የሚሰጥበት ንግግር አዘጋጅቶ ቀኑን ኖቬምበር 22፣ 1963 አደረገ። የንግግሩ ሐሳብ፣ እኔ የሰርከስ አለቃ ወይም አንበሳ አልማጅ አይደለሁም፤ የሴኔቱ ሥልጣን በሴናተሮቹ ዘንድ ነው የሚል ነው። በዚያን ቀን ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ተገደሉ። ንግግሩ ሳይነገር በመዝገብ ብቻ ገባ። በ1998፣ በ95 ዓመታቸው፣ ወደ አሮጌው የሴኔት አዳራሽ ተጋብዘው ሲመጡ፣ 35 ዓመት የቆየውን ያንኑ ንግግር አውጥተው አነበቡት።